በሩ ሳይሰበር ራሙ ከጠፋ፦ የኮምፒውተር ክፍልን ከስርቆት ስለመጠበቅ

ጥያቄው የመጣው ከአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአይሲቲ መምህር ነው። አሳጥሬ ላቅርበው።

«የትምህርት ቤታችን የኮምፒውተር ክፍል በእኔ ስም ነው። 26 ዴስክቶፕና 3 ላፕቶፕ በሞዴል 22 (በንብረት መረከቢያ ሰነድ) ፈርሜ ተረክቤአለሁ። ከሴሚስተር ዕረፍት ስንመለስ 5 ዴስክቶፖች አልነሳ አሉ። ስንከፍታቸው ራም (ጊዜያዊ ማስታወሻቸው) የላቸውም። አንድ ላፕቶፕም የለም። በሩም መስኮቱም አልተሰበረም። ርእሰ መምህራችን ካሜራ እናስገጥም እያሉ ነው። እኔ ደግሞ የላፕቶፕ መቆለፊያ ገመድ ልገዛ አስቤአለሁ። የትኛው ዓይነት ነው የማይቆረጠው? የጠፋውን ላፕቶፕስ በሲሪያል ቁጥሩ ወይም በአይፒ አድራሻው ተከታትሎ ማግኘት ይቻላል? ዕቃው በስሜ ስለሆነ ክፈል እንዳልባል እፈራለሁ።»

የማይቆረጥ ገመድ የለም። ግን የእርስዎ ችግር ከገመድ በፊት ይጀምራል። በሩ ሳይሰበር ዕቃ ከወጣ ከሦስት ነገሮች አንዱ ሆኗል። የገባው ሰው ቁልፍ ነበረው፤ ወይም ክፍሉ ሳይቆለፍ አድሯል፤ ወይም ሰውየው በኮርኒሱ በኩል ወርዷል። አራተኛም አለ። ራሙ በዕረፍቱ ሳይሆን ክፍሉ ክፍት በሆነበት ሰዓት፣ በጠራራ ፀሐይ ተወስዶ ሊሆን ይችላል። መጥፋቱ የታወቀበት ቀንና የተወሰደበት ቀን ሁልጊዜ አይገጥሙም። የትኛው እንደሆነ ሳይለዩ ገንዘብ ማውጣት አይገባም። ትምህርት ቤት ደግሞ ሁለተኛ ዙር በጀት በቀላሉ አያገኝም።

መጀመሪያ ይቁጠሩ። የተነኩት 5 ብቻ ናቸው ብለው አይደምድሙ። አንድ ራም ብቻ ያለው ኮምፒውተር ያ ራም ከተወሰደ አይነሳም። ሁለት ከነበሩትና አንዱ ከተወሰደ ግን ይነሳል። ትንሽ ይንቀራፈፋል እንጂ ሥራውን ይቀጥላል። ማንም ልብ አይለውም። ስለዚህ የቀሩትን 21 አንድ በአንድ ያብሯቸው። ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ከሆነ ታስክ ማናጀርን ይክፈቱ። «ፐርፎርማንስ» ውስጥ «ሜሞሪ» የሚለውን ይጫኑ። ጠቅላላ መጠኑን፣ ከስንት የራም ማስገቢያ ስንቱ እንደተያዘ ጭምር ያሳይዎታል። ከዚያ ዕቃው ሲገባ ከተጻፈው ሰነድ ጋር ያመሳክሩ። ሰነዱ ላይ «ዴስክቶፕ ኮምፒውተር፣ ብዛት 26» ብቻ ተጽፎ ከሆነ ግን አንድ ትልቅ ቀዳዳ አገኘን ማለት ነው። ወደኋላ እመለስበታለሁ።

ራም ለምን ይሰረቃል? የአንድ ዴስክቶፕ ራም ርዝመቱ 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በጣም ቀጭን ስለሆነ ደብተር መሃል ይገባል። ጃኬት ኪስ ውስጥ ይገባል። ብዙ ኮምፒውተሮች ጎናቸው በሁለት ብሎን ነው የተያዘው። ብሎኖቹም በጣት የሚዞሩ ይሆናሉ። ለቢሮ ተብለው የተሠሩት እነ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ደግሞ ካቻቪቴ እንኳ አይጠይቁም። መክፈቻውን ሲስቡት ክዳኑ ይነሳል። ከዚያ በራሙ ጫፍና ጫፍ ያሉትን መያዣዎች ወደ ውጭ ገፋ ማድረግ ነው፤ ራሙ ብቅ ይላል። የለመደ ሰው ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም። የተወሰደውም ራም የትም ሱቅ ይሸጣል። ማን ነው የራም ሲሪያል ቁጥር የሚጠይቅ?

አሁን የእርስዎን ክፍል እንየው። ሰውየው አምስት ኮምፒውተር ከፍቶ፣ ራም አውጥቶ፣ ክዳኑን መልሶ ገጥሟል። ጊዜ ነበረው ማለት ነው። አልተጣደፈም። የሚፈልገውንም ያውቃል። ሙሉ ኮምፒውተር ተሸክሞ በግቢው በር ማለፍ እንደሚያስይዘው ያውቃል። ላፕቶፑን የወሰደውም ቦርሳ ውስጥ ስለሚገባ ይመስለኛል። ይህን የምለው ማንንም እንዲጠረጥሩ አይደለም። በተለይ ዘበኛውን ወይም አንድ ተማሪን ነጥለው እንዳይከሱ አደራ እላለሁ። ያለ ማስረጃ የተጠረጠረ ሰው ስሙ አይመለስለትም። እርስዎ የሚቆጥሩት ቁልፍ ነው።

የበሩ ቁልፍ ስንት ቅጂ አለው? ብዙ ጊዜ ይህን ስጠይቅ «ሁለት» ይሉኛል። ከዚያ እንቆጥራለን። አንዱ መምህሩ ጋ። አንዱ ርእሰ መምህሩ ቢሮ። አንዱ ዕቃ ግምጃ ቤት። አንዱ ለጽዳት ሠራተኛዋ የተሰጠ። አንዱ ባለፈው ዓመት ከተቀየረው መምህር ጋር የሄደ፣ ማንም ያልጠየቀው። ሁለት የተባለው አምስት ይሆናል። መንገድ ዳር ያሉ ቁልፍ ቀራጮች ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ቅጂ ያወጣሉ። የማን ቁልፍ ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ለአንድ ቀን በአደራ የተሰጠ ቁልፍ ለዘለዓለም እንደተሰጠ ቁጠሩት። መፍትሔው ቀላል ነው። የቁልፉን ሲሊንደር ይቀይሩ። በሩ በጓጉንቸር የሚዘጋ ከሆነ አዲስ ጓጉንቸር ይግዙ። ከዚያ ሁለት ቅጂ ብቻ ይኑር። አንዱ እርስዎ ጋ፣ ሌላው በታሸገ ፖስታ ካዝና ውስጥ። ፖስታው ላይ ሁለት ሰው ይፈርምበት። ፖስታው የተከፈተበት ቀንና ምክንያት በመዝገብ ይጻፍ።

ጓጉንቸር ሲገዙ የሰው ሁሉ ዓይን የሚያርፈው ጓጉንቸሩ ላይ ነው። ጓጉንቸሩ የሚንጠለጠልበትን ብረት የሚያይ የለም። ይህ ብረት በአራት አጫጭር ብሎን ከእንጨት በር ጋር ተያይዞ፣ የብሎኖቹ ጭንቅላት በውጭ በኩል ከታየ፣ ጓጉንቸሩ የቱንም ያህል ውድ ይሁን ዋጋ የለውም። ሌባው ብሎኑን ይፈታል። ሲጨርስ መልሶ ያስረዋል። በሩም «አልተሰበረም» ይባላል። የእርስዎን በር ዛሬ በዚህ ዓይን ይዩት። የበሩ ማጠፊያም በውጭ በኩል ከሆነና ሚስማሩ ተመትቶ የሚወጣ ከሆነ ያው ነው። በያጅ ጠርተው ሚስማሩን በትንሹ ያስነኩት። ማንጠልጠያው ብረት ደግሞ በሩን ዘልቆ በሚወጣ ብሎን ይታሰር። ዳዶው ከውስጥ ይሁን። የውጭው ጭንቅላት ክብና ለስላሳ ሆኖ ካቻቪቴም ሆነ መፍቻ የማይዘው ዓይነት ይሁን።

ኮርኒሱንም ቀና ብለው ይዩ። ብዙ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ክፍሎቹን የሚለየው ግድግዳ እስከ ኮርኒሱ ብቻ ነው የሚደርሰው። ከኮርኒሱ በላይ ከጫፍ ጫፍ ባዶ ነው። በጎን ያለው ተራ ክፍል ካልተቆለፈ፣ አንድ ሰው እዚያ ወንበር ላይ ቆሞ ኮርኒሱን ገፍቶ በላይ ተሻግሮ ይወርዳል። ምልክቱ ወለሉ ላይ የረገፈ አቧራ፣ ወይም ከቦታው ትንሽ የተዛነፈ የኮርኒስ ቁራጭ ነው። ይህን ለመዝጋት ግድግዳውን እስከ ጣሪያው ማድረስ፣ ካልሆነም ከኮርኒሱ በላይ የፌሮ ፍርግርግ ማስበየድ ያስፈልጋል። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በዚሁ ስሜት ተነሥተው መስኮቱን ሁሉ በብረት ዘግተው ብቸኛውን በር ደግሞ በሁለት ጓጉንቸር እንዳይከረችሙት። ተማሪ ውስጥ ሲኖር በሩ ከውጭ እንዳይዘጋ ጓጉንቸሩ ተወልቆ ከበሩ መራቅ አለበት። እሳት ቢነሣ ሃምሳ ልጅ በአንድ በር ነው የሚወጣው። ኮምፒውተር ይተካል።

አሁን ወደ ገመዱ። በላፕቶፕ ጎን የምናየው ትንሽዬ ቀዳዳ በስፋት የታወቀው ኬንሲንግተን የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1992 መቆለፊያውን ለገበያ ካቀረበ ወዲህ ነው። የተለመደው ቀዳዳ 3 በ7 ሚሊ ሜትር ነው። ቀጫጭን ላፕቶፖች ሲመጡ ናኖ የሚባለው 2.5 በ6 ሚሊ ሜትር የሆነው መጣ። ብዙ የዴል ላፕቶፖች ላይ ደግሞ ሌላ ቅርጽ ያለው፣ ዌጅ የሚባል ቀዳዳ አለ። የአንዱ መቆለፊያ ለሌላው አይሆንም። አዳዲሶቹ ማክቡኮች ጭራሽ ቀዳዳ የላቸውም። ስለዚህ ሳይለኩ አይግዙ። ቢቻል ላፕቶፑን ይዘው ሱቅ ይሂዱና እዚያው ይሞክሩት።

ጥንካሬውስ? ገመዱ የብረት ጥምጥም ነው። የፌሮ መቁረጫ ያለው ሰው በሰከንዶች ይቆርጠዋል። ያለመቁረጫም ላፕቶፑን በኃይል ቢጎትተው የቀዳዳው ዙሪያ ፕላስቲክ ይሰነጠቃል፤ ዕቃው በእጁ ይቀራል። ክብ ቁልፍ ያላቸው ርካሽ መቆለፊያዎችም ያሳስቡኛል። እ.ኤ.አ. በ2004 ይህንኑ የቁልፍ ዓይነት የሚጠቀሙ የብስክሌት መቆለፊያዎች በተራ እስክሪብቶ ቀፎ ሲከፈቱ በኢንተርኔት ታይቶ ብዙ አነጋግሯል። በቁጥር የሚከፈተው ዓይነት አራት ቁጥር ካለው 10,000 አማራጭ አለው። ግን ሰው ሲቸኩል አንዱን ቁጥር ብቻ ዞር አድርጎ ይተወዋል። ሌባውም መጀመሪያ የሚሞክረው ያንኑ ነው። በቁጥር የሚከፈተውን ከመረጡ አራቱንም ያዛቡት።

ታዲያ ገመድ ምን ይሠራል? እግረ መንገዱን አንስቶ የሚሄደውን ሰው ያስቆማል። ዕረፍት ሰዓት ላይ አምስት ደቂቃ ዞር ሲሉ ላፕቶፑን ቦርሳው ውስጥ የሚከተውን ሰው ያስቆማል። ሌሊት ሙሉ ጊዜ ያለውን አያስቆምም። ደግሞ ገመድ የሚታሰርበትን ያህል ነው። አንድ ጊዜ አንድ የሥልጠና ክፍል እንድመለከት ተጠርቼ ነበር። አሥራ ሁለት ላፕቶፕ፣ አሥራ ሁለት አዲስ ገመድ። ኃላፊው ደስ ብሎት አሳየኝ። ገመዶቹ የተጠመጠሙት በጠረጴዛው እግር ላይ ነው። ጎንበስ ብዬ የጠረጴዛውን አንድ እግር በግራ እጄ አነሣሁ። በቀኜ ገመዱን ከሥር ሳብኩት። ወጣ። ላፕቶፑንም ገመዱንም ይዤ ቆምኩ። ጠረጴዛ ላይ ካሰሩ እግሩንና አግዳሚውን የሚያያይዘው ብረት ውስጥ ያሳልፉት፤ ወይም ግድግዳው ላይ በረጅም ብሎን የተተከለ ቀለበት ይኑር። ግድግዳው ችፑድ ወይም ጂፕሰም ከሆነ ቀለበቱ ከነፊሸሩ ተነቅሎ ይወጣል። ብሎኬት ወይም ኮንክሪት ይፈልጉ።

ለእርስዎ ግን ዋናው ነገር 26ቱ ዴስክቶፖች ናቸው። ለነሱ የሚሆነው የላፕቶፕ ገመድ አይደለም። የዴስክቶፑን ጀርባ ይመልከቱ። የቢሮ ኮምፒውተር ከሆነ ከክዳኑ ጫፍ ወጣ ያለች ቀዳዳ ያላት ትንሽ ብረት ያገኛሉ። የጓጉንቸር ቦታ ናት። ብዙ ሰው ምን እንደምትሠራ ሳያውቅ ዓመታት ያልፋሉ። እዚያ ውስጥ ጓጉንቸር ሲገባ ክዳኑ አይከፈትም። ራሙም ሃርድ ዲስኩም አይነካም። ቀጭን አንገት ያለው ጓጉንቸር ይበቃል። እንግዲህ የእርስዎን ስርቆት በቀጥታ የሚከላከለው ይህ ነው። ከአንድ ፋብሪካ የወጡ፣ በአንድ ቁልፍ የሚከፈቱ ጓጉንቸሮችን በጅምላ ካገኙ ጥሩ ነው። 26 የተለያየ ቁልፍ ይዞ የሚዞር መምህር በሳምንቱ ሰልችቶት ይተወዋል።

ሙሉ ኮምፒውተሩ እንዳይነሳ ደግሞ የብረት ገመድ በነዚሁ ጓጉንቸሮች ውስጥ አሳልፎ በረድፍ ማሰር ይቻላል። ርካሽ ነው። ችግሩ አንድ ቦታ ሲቆረጥ ረድፉ በሙሉ መፈታቱ ነው። ስለዚህ 26ቱን በአንድ ገመድ አይሰሯቸው። አራት ወይም አምስት እያደረጉ ይክፈሏቸው። ጓጉንቸሩም ገመዱ ቢቆረጥም ክዳኑን ዘግቶ የሚቀር ይሁን።

የጓጉንቸር ቦታ የሌላቸው ዴስክቶፖችስ? ገበያ ላይ የተገጣጠሙት ብዙዎቹ የላቸውም። ለእነሱ የብረት ቤት ማሠራት ነው። ብረታ ብረት ቤት ሄደው በአንግል ብረትና በላሜራ የሚሠራ ሣጥን ያዝዙ። ሣጥኑ ዘልቆ በሚወጣ ብሎን ከጠረጴዛው ጋር ይታሰር። ጠረጴዛው ደግሞ ከግድግዳው ወይም ከወለሉ ጋር። እዚህ ላይ ሦስት ነገር እንዳይረሱ። ኮምፒውተር ይተነፍሳል። አየር በፊት በኩል ይገባል፤ በኋላ ሞቆ ይወጣል። ሣጥኑ ፊቱና ኋላው ፍርግርግ ወይም በደንብ የተበሳሳ ይሁን። ድፍን ላሜራ ካደረጉት ኮምፒውተሩ በሙቀት ይታፈናል፤ ሌባ ያልወሰደውን ሙቀት ይወስድብዎታል። ሁለተኛ፣ አቧራ ለማጽዳት የሚከፈት በር ይኑረው። ሦስተኛና ዋናው፣ ብየዳውና መብሳቱ ባዶ ሣጥኑ ላይ ይለቅ። ኮምፒውተሩ ውስጥ እያለ እንዳይበየድ። የኮምፒውተሩንም አካል በድሪል እንዳይበሱ። ዓይን የማያየው የብረት ብናኝ ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ ካረፈ በኋላ ሲበራ ያቃጥለዋል። እንዲህ ሆኖ የተቃጠለ ኮምፒውተር በእጄ ከፍቼ አይቻለሁ። ራሱ ራሙ ቢሰረቅ ይሻል ነበር።

ከጓጉንቸር ቀጥሎ በጣም የምወደው ዘዴ የጥፍር ቀለም ነው። የሚያብረቀርቅ ብናኝ ያለበት ይሁን። የጎን ክዳኑን የያዙት ብሎኖች ጭንቅላት ላይ፣ ብሎኑንም ቆርቆሮውንም ነክቶ እንዲቀመጥ አንድ ጠብታ ያድርጉ። ይድረቅ። በስልክዎ ቀረብ አድርገው ፎቶ ያንሱት። ብሎኑ ከተፈታ ቀለሙ ይሰነጠቃል። መልሶ ቢቀባም ብናኙ እንደ ድሮው አይደረደርም። ሌባን አያቆምም። ግን ስርቆቱ የዛሬ ይሁን የዛሬ ሁለት ወር ይነግርዎታል። አሁን የጎደለዎትም ይኸው መረጃ ነው። አገራችን ውስጥ በር በወረቀት ማሸግ የታወቀ ነው። ማኅተም፣ ፊርማ፣ ቀን። በዕረፍት ጊዜ በሩን እንዲህ ያሽጉ። ዘበኛው በየፈረቃው የሚያየው ያንን ወረቀት ይሁን። «ጠብቅ» ብቻ ከሚባል ሰው «ይህች ወረቀት እንዳለች ጠዋትና ማታ አይተህ ፈርም» የተባለ ሰው የተሻለ ይጠብቃል። ለራሱም ከለላ ይሆነዋል።

ካሜራን በተመለከተ ርእሰ መምህሩን አልቃወምም። ግን የመጀመሪያው ወጪ መሆን የለበትም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን። ካሜራ የሆነውን ያሳያል እንጂ እጅ አይዝም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ አብሮ ይጠፋል። ብዙ ቦታ የማየው ስሕተት ቅጂውን የሚይዘው መሣሪያ እዚያው የሚጠበቀው ክፍል ውስጥ መደርደሪያ ላይ መቀመጡ ነው። ሌባው ኮምፒውተሩን ሲወስድ የራሱንም ምስል ይዞ ይሄዳል። ካሜራ ከተገጠመ መቅጃው ሌላ ክፍል፣ የተቆለፈ ብረት ሣጥን ውስጥ ይሁን። መብራት ሲጠፋ የሚያቆየው ባትሪ (ዩፒኤስ) ይኑረው። ካሜራው ኮርኒስ ጥግ ተሰቅሎ የሰው ኮፍያ ከሚያሳይ፣ በር ላይ ፊት በሚታይበት ከፍታ ይደረግ። በወር አንድ ቀን ደግሞ ካለፈው ሳምንት አንድ ሰዓት መርጠው ቅጂውን ይክፈቱት። መቅዳት ካቆመ ወራት ያለፈው ካሜራ ብዙ ነው።

የጠፋው ላፕቶፕ። እውነቱን ልንገርዎት፤ በሲሪያል ቁጥር ተከታትሎ ማግኘት አይቻልም። ሲሪያል ቁጥር መለያ ጽሑፍ ነው። ምንም ምልክት አያስተላልፍም። ማክ አድራሻም (የኔትወርክ ካርዱ መለያ ቁጥር) ከአካባቢው ኔትወርክ አልፎ አይታይም። አይኤምኢአይ (እንደ ሞባይል ስልክ ያለ መለያ ቁጥር) ያለው ሲም የሚቀበል ላፕቶፕ ብቻ ነው። አይፒ አድራሻ (ኢንተርኔት ላይ የሚታየው የግንኙነቱ ቁጥር) የሚገኘው ላፕቶፑ ኢንተርኔት ሲገናኝ እርስዎ የሚያውቁት አካውንት ውስጥ ከገባ ነው። ቢገኝም የኢንተርኔት ደንበኛ ነው የሚያመለክተው። ያ ደንበኛ ማን እንደሆነ የሚጠየቀው በሕግ አካል በኩል ነው፤ እርስዎ ቴሌ ሄደው አይነግሩዎትም። የዊንዶውስ «ፋይንድ ማይ ዲቫይስ» ቀድሞ በማይክሮሶፍት አካውንት በርቶ ከነበረ አሁኑኑ ገብተው ይሞክሩት። ዊንዶውሱ እንደገና ከተጫነ ግን አብቅቷል። ሲሪያል ቁጥሩ የሚጠቅመው ለፖሊስ ነው። ዕቃው አንድ ቦታ ሲያዝ የእርስዎ መሆኑን የሚያሳየው እሱ ነው። ስለዚህ ከካርቶኑ ወይም ከግዢ ሰነዱ ፈልገው ዛሬውኑ ያመልክቱ። ያገለገለ ዕቃ ወደሚሸጡ ሱቆችም ቁጥሩን ማድረስ ይቻላል። የተሰረቀ መሆኑን እያወቁ መግዛት በወንጀል ሕጉ ያስቀጣል፤ ቀና ነጋዴም ይህን ማወቅ ይፈልጋል።

ስለ ላፕቶፑ ያልጠየቁኝ ግን እኔን በጣም ያሳሰበኝ አንድ ነገር አለ። ውስጡ ምን ነበር? የተማሪዎች ውጤት? የፈተና ጥያቄ? «ፓስወርድ አለው» ካሉኝ አልጽናናም። የዊንዶውስ ፓስወርድ በሩን ብቻ ነው የሚዘጋው። ዲስኩን አውጥቶ ሌላ ኮምፒውተር ላይ የሰካ ሰው ፋይሎቹን እንደልቡ ያነባል። የሚከላከለው ዲስኩን ማመስጠር፣ ማለትም ያለ ቁልፍ ቃሉ እንዳይነበብ ማድረግ ነው። ዊንዶውስ ፕሮ ወይም ኤዱኬሽን ከሆነ ቢትሎከር አብሮት አለ። ሲያበሩት 48 አሃዝ ያለው የመመለሻ ቁጥር ይሰጥዎታል። እሱን አትመው ካዝና ያስገቡት። ላፕቶፑ ላይ ብቻ ካስቀመጡት በተቸገሩ ቀን ለራስዎም አይከፍትልዎትም። ዊንዶውስ ሆም ላይ ሙሉው ቢትሎከር ስለሌለ ቬራክሪፕት የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይሠራል። ፋይሎቹ ደግሞ በሌላ ዲስክ ተገልብጠው በሌላ ሕንፃ ይቀመጡ። ላፕቶፕ ይሰረቃል ብለው አስበው ያዘጋጁት። ያኔ ሲሰረቅ የጠፋው ዕቃ ብቻ ይሆናል።

የባዮስ ፓስወርድም (ኮምፒውተሩ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚጠይቀውን) አድርጉ የሚሉ አሉ። ለቢሮ የተሠሩ ላፕቶፖች ላይ ይጠቅማል፤ ባትሪ በማውጣት አይጠፋም። ብዙ ዴስክቶፖች ላይ ግን ክዳኑ ከተከፈተ በቀላሉ ይሰረዛል። እንደገና ጓጉንቸሩ ዘንድ ተመለስን። ፓስወርዱን መርሳት ደግሞ ማዘርቦርድ እስከ ማስቀየር ያደርሳል። በጽሑፍ ካላስቀመጡት አይንኩት።

አሁን ወደ ሞዴል 22። ሰነዱ «ዴስክቶፕ፣ 26» ብቻ የሚል ከሆነ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ 26 ሣጥንም ቆጠራውን ያልፋል። ሲረከቡም ውስጡ ምን እንደነበረ የሚያሳይ የለም። ይህ ለእርስዎም አደጋ ነው፤ ለሌባም ምቾት ነው። ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር አንድ መስመር ይጻፉ። ሲሪያል ቁጥር፣ የራሙ መጠንና ብዛት፣ የዲስኩ መጠን፣ የሞኒተሩ ሲሪያል። ዴል ከሆነ ሰባት ፊደልና ቁጥር ያለው ሰርቪስ ታግ ተለጥፎበታል፤ እሱን ይውሰዱ። የትምህርት ቤቱን ስም በዘይት ቀለም በትልቁ ከሣጥኑ ጎንና ከሞኒተሩ ጀርባ ይጻፉ። አያምርም፤ ግን ስም የተጻፈበትን ዕቃ ገዢ ይፈራዋል። የአየር ቀዳዳውን አይድፈኑት። ራሙ ላይ በማይለቅ እስክሪብቶ ስቲከሩ ላይ ብቻ ምልክት ያድርጉ። ሰሌዳውን አይፋቁት።

እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ገንዘቡን በዚህ ቅደም ተከተል አወጣለሁ። በዚህ ሳምንት የበሩን ቁልፍ እቀይራለሁ፤ ማንጠልጠያውንና ማጠፊያውን አስተካክላለሁ። ቀጥሎ ለ26ቱም ጓጉንቸር፣ ቦታ ለሌላቸው የብረት ሣጥን። ከዚያ የቀሩት ሁለት ላፕቶፖች የሚያድሩበት፣ ከብሎኬት ግድግዳ ጋር በብሎን የታሰረ የብረት ቁም ሣጥን። እዚያ ውስጥ ዘግተው ቻርጅ አያድርጉ፤ ባትሪ ሲሞቅ የሚያየው ሰው ይኑር። ከዚያ በላይኛው በኩል ክፍት ከሆነ የኮርኒሱ ሥራ። ገንዘብ ከተረፈ ካሜራ። የላፕቶፕ ገመድ ቀን ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጡት ከሆነ ብቻ ይግዙ። መድን ካላችሁም ውሉን አንብቡት። የቤት ሰበራ መድን ብዙውን ጊዜ ተሰብሮ የመግባት ምልክት ይጠይቃል። ቁልፍ ባለው ሰው የተወሰደ ዕቃ በእሱ ላይሸፈን ይችላል፤ ለሠራተኛ ስርቆት ሌላ ዓይነት ዋስትና ነው ያለው።

ክፈል የመባሉን ነገር በተመለከተ፣ ዛሬ ማድረግ የሚችሉት ይህን ነው። ቆጠራውን ለብቻዎ አያካሂዱ። ርእሰ መምህሩ፣ የንብረት ኃላፊውና አንድ ሌላ መምህር ባሉበት 26ቱም ይከፈቱ። የጎደለው፣ ቁልፉ ስንት ሰው ጋ እንደነበረ፣ በሩ በምን ሁኔታ እንደተገኘ በቃለ ጉባኤ ይጻፍ። አራታችሁም ፈርሙ። ለፖሊስ ያመለከታችሁበት ወረቀት ቅጂ ይያያዝ። አዲሱ ቁልፍ እስኪገጠም ድረስ ክፍሉ በእርስዎ ኃላፊነት ሥር መቀጠል እንደማይችል በደብዳቤ ያሳውቁና ደብዳቤው የደረሰበትን ቁጥርና ቀን ቅጂዎ ላይ ያስመቱ። ያንን ቅጂ ደግሞ የኮምፒውተር ክፍሉ መሳቢያ ውስጥ ሳይሆን ቤትዎ ያስቀምጡት።